ለቢልቦርድ የ10 ዓመት ውል ጠየቁን፣ ስንት ዓመት ብንላቸው ይሻላል?

ሰሚት_ልጅ፦

ሰላም ቤቶች! ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መስመር ላይ የቤተሰብ ቤት አለን። ጂ ፕላስ ቱ ነው። ታች ሱቆች አሉ፣ አንደኛ ፎቁን የጥርስ ክሊኒክ ተከራይቶታል፣ ላይኛው ላይ እናቴ ትኖራለች። ቤቱ መታጠፊያ ላይ ስላረፈ ከሁለት አቅጣጫ የሚመጣ መኪና ሁሉ ያየዋል። ይሄ ጥቅም መሆኑን ያወቅነው ገና አሁን ነው፤ እስከዛሬ የምናውቀው አቧራውንና ጡሩምባውን ብቻ ነበር።

ባለፈው ወር ከአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሰው መጣ። ሶሌታው ላይ ወጣ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ በሜትር ለካ፣ እናቴ ቡና አፈላችለት። በሳምንቱ ስምንት ገጽ ረቂቅ ውል ይዞ ተመለሰ። 10 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ቢልቦርድ ሊተክሉ ይፈልጋሉ። ኪራዩ በዓመት 400 ሺህ ብር፣ የሦስት ዓመቱን 1 ሚሊዮን 200 ሺህ በአንዴ ይከፍላሉ፣ ዘመኑ 10 ዓመት፣ በየሦስት ዓመቱ 5 ከመቶ ጭማሪ። አስሩ ዓመት ሲያልቅ ደግሞ «ተከራይ ለተጨማሪ 10 ዓመት የማደስ ቅድሚያ መብት ይኖረዋል» ይላል።

እኔ ሁለት ወይ ሦስት ዓመት ይበቃል ባይ ነኝ። ዱባይ ያለው ወንድሜ «አንድ ነጥብ ሁለት ሚሊዮን እጅሽ ሲገባ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ፈርሚ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሃያ ዓመት ብዬ የምፈርመው ከማን ጋር ልኖር ነው?» ብላ ሳቀች። ሰውየውን ለምን አስር ስለው መልሱ «ከዚያ በታች አያዋጣንም» ብቻ ነው።

እውነት አያዋጣቸውም? ስንት ዓመት ብለን እንመልስላቸው? ቤቱን ወደፊት ልንሸጠው ወይም አንድ ፎቅ ልንጨምርበት እንችላለን፣ እሱም ያሳስበኛል።

ብረት_ለባሽ፦

እህቴ፣ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ውል ይዤ የሰው በር ሳንኳኳ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ሥራ ቀይሬያለሁ፣ ስለዚህ እንደልቤ ላውራ።

«አያዋጣንም» የምትለዋ ግማሽ እውነት ናት። ብረት ይገዛሉ፣ ያስበይዳሉ፣ ክሬን ይከራያሉ፣ ፈቃድ ያወጣሉ፣ መብራት ይስባሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ወር ሳይሞላው መቶን አለፈ፣ ብረትም አብሮ ወጣ። ስለዚህ አንድ ዓመት ብትያቸው ጥለውሽ ቢሄዱ አልፈርድባቸውም።

ግን አስር? እኔ በሠራሁበት ቤት ለተራው ባለ ፍሌክስ (ማስታወቂያው ታትሞበት የሚወጠር የፕላስቲክ ሸራ) ቢልቦርድ የምንይዘው ሂሳብ ብረቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ወጪውን ይመልሳል የሚል ነበር። ጥሩ ደንበኛ ቶሎ ከተገኘ በዓመት ተኩልም መልሶ ያውቃል። በ2013 እና 2014 አዳዲሶቹ ባንኮች ተከታትለው ሲከፈቱማ ቢልቦርዱ ሳይተከል ነበር ደንበኛ የሚደውለው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ብረቱን ለመመለስ አይደለም፣ መታጠፊያውን ሌላ ድርጅት እንዳይወስድባቸው ለመያዝ ነው። ያንቺ ቤት ከሁለት አቅጣጫ ይታያል ብለሽ የለ? እሱን ነው የሚገዙት። ለደንበኛ ሲያቀርቡም «ይህን ያህል ሳይት ለአስር ዓመት በእጃችን ነው» ማለት ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ዋናው ነገር። እነሱ ከባንኩ ወይም ከዘይት ፋብሪካው ጋር የሚዋዋሉት ለስድስት ወር ወይም ለዓመት ነው። ከመንገድ ዳር «ይህ ቦታ ለማስታወቂያ ይከራያል» የሚል ስልክ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ባዶ ሰሌዳ አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ያ ማለት ደንበኛው ውሉ አልቆ ሄዷል ማለት ነው። ደንበኛ ካጡ ደግሞ ካንቺም መውጣት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ያንን ስምንት ገጽ እንደገና አንብቢውና «ተከራይ በዚህን ያህል ቀን ማስታወቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል» የምትል አንቀጽ ፈልጊ። መሀል ላይ ነው የሚቀብሯት።

ሰሚት_ልጅ፦

ኧረ ጉድ! ገጽ 6 ላይ አለች። «ተከራይ የ60 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ በመስጠት ውሉን ማቋረጥ ይችላል።» አከራይ ስለሚለው ምንም የለም።

ብረት_ለባሽ፦

አየሽ! ለእነሱ ውሉ የሁለት ወር ነው፣ ላንቺ ግን የአስር ዓመት። ስለዚህ «ስንት ዓመት» ብለሽ ብቻ አትከራከሪ። ሦስት ብለሽ አስር ብለው ስድስት ላይ ብትገናኙ ያሸነፍሽ ይመስልሻል፣ ግን አሁንም እነሱ በ60 ቀን ይወጣሉ፣ አንቺ ስድስት ዓመት ትቀመጫለሽ።

እኔ ብሆን እንዲህ እላቸው ነበር። ሦስት ዓመት የተቆረጠ፣ ከዚያ ሁለታችንም ከተስማማን በአዲስ ዋጋ ሌላ ሁለት። ብረታችን ካሉሽ ደግሞ መልሱ ቀላል ነው፦ «በሦስት ዓመት ውስጥ ያለ እናንተ ጥፋት እኔ ካስነሳኋችሁ ያልተመለሰውን የብረት ወጪ እከፍላለሁ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም፣ በሁለተኛው ሁለት ሦስተኛውን፣ በሦስተኛው አንድ ሦስተኛውን፤ ወጪውን ግን ሳትተክሉ በፊት በደረሰኝ አሳዩኝና በአባሪ ይያያዝ።» ይህን ስትያቸው የሚፈሩት ነገር ብረቱ ከሆነ ይቀበሉሻል። ካልተቀበሉሽ መጀመሪያም የሚፈሩት ብረቱን አልነበረም።

ሌላ፣ ውሉ ላይ «የማስታወቂያ ሰሌዳ» ብቻ ነው የሚለው ወይስ ዓይነቱ ተጽፏል? ካልተጻፈ በሦስተኛው ዓመት ፍሌክሱን አውርደው ዲጂታል ስክሪን ይሰቅሉልሻል። ስክሪን ላይ አምስት ስድስት ደንበኛ ይፈራረቅበታል፣ ገቢያቸው ይባዛል፣ ያንቺ ኪራይ ግን ያው። ስክሪን ከፈለጉ መብታቸው ነው፣ ረዘም ያለ ዘመን ቢጠይቁም እረዳቸዋለሁ ምክንያቱም ዕቃው ውድ ነው፣ ግን አዲስ ዋጋ፣ አዲስ ድርድር። ከዚያ ደግሞ ቆጣሪው የማን እንደሆነ ጠይቂ። 400 ሺህ ሲሉሽም ከግብር በፊት ይሁን በኋላ አጥሪ፣ ብዙ ሰው እሱ ላይ ነው ተሸውዶ የሚቀረው።

የድሮ_ፒያሳ፦

ልጄ፣ የወንድምሽን ነገር አነበብኩና ዝም ማለት አቃተኝ።

እኔም እንዲሁ «በአንዴ» የምትለዋ ቃል ጣፈጠችኝ። በ2013 ነው። አስር ዓመት ፈረምኩ፣ የአምስት ዓመቱን ኪራይ አንድ ላይ ተቀበልኩ። ልጄን ዳርኩበት፣ የቀረውን የቤቱን ጣሪያ አደስኩበት፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው አልኩ። በ2016 የኮሪደር ልማቱ መጣ። የኛም መስመር ፊት ለፊቱ እንዲጸዳ ተባለ፣ ሰሌዳው ወረደ። ይሁን፣ ለከተማው ከሆነ ይሁን። ግን ድርጅቱ በወሩ ደብዳቤ ጻፈልኝ፦ ያልተጠቀምንበት የሁለት ዓመት ኪራይ ይመለስልን። ልክ ናቸው እኮ! ያልተጠቀሙበትን ነው የጠየቁት። ብሩ ግን የታለ? ብሩ ሠርግ ሆኖ ተበልቷል።

በሽምግልና አለቀ። በየሦስት ወሩ እየከፈልኩ ጨረስኩ። ቅድመ ክፍያ ስትቀበይ ኪራይ የተቀበልሽ ይመስልሻል፣ የተቀበልሽው ግን ብድር ነው፣ ቀን በቀን ነው ኪራይ የሚሆነው። ስለዚህ የአንድ ዓመት ይበቃሻል። ደግሞም መንግሥት ካስነሳ ማን ምን እንደሚሆን፣ ብረቱን በስንት ቀን እንደሚያነሱ፣ የቀረው ኪራይ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመለስ ቁጭ ብላችሁ ጻፉት። የኛ ውል «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ሲያጋጥም በሕጉ መሠረት» ብሎ አልፎት ነበር።

ሰሚት_ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ለወንድሜ በድምፅ አንብቤ ልኬለታለሁ፤ እስካሁን አልመለሰልኝም ሃሃ።

ሁሉን_አውቃለሁ፦

ምን ያከራክራችኋል? አዲሱ የኪራይ አዋጅ ማንኛውም ኪራይ ሁለት ዓመት ነው ይላል። አስር ዓመት የሚባል ነገር ሕገወጥ ነው። ወረዳ ሂጂና አስመዝግቢ፣ አለቀ።

ጥቁር_ካባ፦

ወንድሜ፣ አላለቀም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይን ነው የሚመለከተው። ሁለት ዓመት የሚለውም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ነው እንጂ እንዳይበልጥ አይደለም። ሶሌታ ላይ ብረት ለመትከል የሚደረግ ውል የሚዳኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፣ ማስታወቂያው ራሱ ደግሞ በማስታወቂያ አዋጁ 759/2004 እና በከተማው ፈቃድ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ ያስቀመጠው ጣሪያ ስልሳ ዓመት ነው፣ ስለዚህ አስር ዓመት በራሱ ሕገወጥ አይደለም። ጥበብ ነው ወይ ብትሉኝ ሌላ ጥያቄ ነው።

እህቴ፣ ስንት ዓመት ከማለትሽ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ካርታው በማን ስም ነው? ወንድምሽ ውጭ ከሆነስ ማን ነው የሚፈርምለት?

ሰሚት_ልጅ፦

ካርታው አሁንም በአባቴ ስም ነው፣ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተናል፣ ስም ማዞሩ ግን ገና ነው። ወራሾቹ እኔና ወንድሜ ነን፣ የእናቴ ድርሻ አለ። ወንድሜ ጠቅላላ ውክልና ሰጥቶኛል፣ ከዱባይ ልኮልኝ ውጭ ጉዳይም ውልና ማስረጃም አስመዝግቤዋለሁ። በሱ ነው ሱቆቹንም የማከራየው።

ጥቁር_ካባ፦

እንግዲያው መልስሽ እዚያ ውክልና ውስጥ ነው ያለው።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራሽ የአስተዳደር ሥራን ነው። ሕጉ የአስተዳደር ሥራ ምን ምን እንደሆነ ሲዘረዝር ኪራይን ይጠቅስና ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ይላል፣ አንቀጽ 2204ን ተመልከቺ። ማለትም ወንድምሽን ወክለሽ ሦስት ዓመት ድረስ ማከራየት ትችያለሽ። ከዚያ ካለፈ ልዩ ውክልና ያስፈልግሻል። የውክልናሽ ወረቀት ላይ «ለፈለገችው ዘመን እንድታከራይ» የሚል ግልጽ ቃል ካለ ሌላ ነገር ነው፣ አውጥተሽ አንብቢው። ከሌለ ግን አስር ዓመት ብትፈርሚ ነገ ወንድምሽ «አልወከልኳትም» ብሎ ሊሟገት ይችላል፣ ድርጅቱም ይህን ካወቀ አንቺኑ ነው የሚጠይቀው።

ሁለተኛ፣ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ በንብረቱ መዝገብ ካልተመዘገበ ሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ አይሆንም። ይሄ በተለይ ቤቱን ብትሸጡ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አስር ዓመት የሚፈልግ ድርጅት ጠበቃ ካለው «ይመዝገብልኝ» ማለቱ አይቀርም። ካርታው ላይ ዕዳ የተጻፈበት ቤት ይዞ ገዢ መፈለግ ምን እንደሚመስል ደላሎቹን ጠይቂያቸው።

«የማደስ ቅድሚያ መብት» የምትለዋን ደግሞ እንደ ትንሽ ነገር አትለፊያት። በስንት ዋጋ? ሌላ ሰው በሚሰጠው ዋጋ ነው ወይስ በድሮው? አልተጻፈም አይደል? ያልተጻፈው ሁሉ ወደ ክርክር ይሄዳል።

ይህን ስታነቡ ባልና ሚስት የሆናችሁም ልብ በሉ፣ የጋራ የሆነ ቤት ሲከራይ የሁለቱም ስምምነት እንደሚያስፈልግ የቤተሰብ ሕጉ ይናገራል። አንድ ሰው ብቻውን ፈርሞ ሚስቱ ያፈረሰችበትን ውል በዓይኔ አይቻለሁ።

አትላንታ_ማደያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ ነገሩ ግን ስለሚመሳሰል ልጨምር። እዚህ ለቢልቦርድ መሬት ኪራይ አስር፣ አስራ አምስት፣ ሃያ ዓመት መጠየቅ የተለመደ ነው፣ ማንም አይደነግጥም።

ማደያዬን ስገዛ ጥግ ላይ ቢልቦርድ ቆሞበት ነበር። ቢልቦርዱን ከነውሉ ነው የገዛሁት ማለት ይቻላል፣ የድሮው ባለቤት የፈረመው እኔን አሰረኝ። አሥራ አንድ ዓመት ይቀረው ነበር። ኪራዩ ከማውቀው ሁሉ ያነሰ። የባሰው ግን እሱ አይደለም። ከፓምፑ በላይ አዲስ ጣሪያ ልሠራ ስል «ለእይታ የሚጋርድ ነገር አይሠራም» የምትል አንቀጽ ይዘው መጡ። በራሴ መሬት! ዛፍም ቢሆን ካደገ የመቁረጥ መብት ለእነሱ ነው ይላል። ፎቅ እጨምራለሁ ብለሻል፣ እንደዚህ ያለ አንቀጽ እንዳለ ፈልጊ።

ከዚያ ዘመኑ ደረሰ ብዬ ደስ ሲለኝ ለካ ራሱን በራሱ ያድሳል። ውሉ ከማለቁ ከ90 ቀን በፊት በአደራ ደብዳቤ ካላሳወቅኩ ለሌላ አሥር ዓመት ታደሰ ይላል። እኔ በሃያ ቀን ዘገየሁ። ሃያ ቀን ነው ወገን፣ አሥር ዓመት ያስከፈለኝ።

ሁለተኛ ዙር ስንደራደር ግን አንድ ነገር አገኘሁ፦ ወይ የተቆረጠው ኪራይ ወይ ሰሌዳው ከሚያስገባው ገቢ ከመቶ ይህን ያህል፣ ከሁለቱ የበለጠውን። አዲስ አበባ ይህን የሚቀበል ካለ አላውቅም፣ መጠየቅ ግን በነፃ ነው።

ብረት_ለባሽ፦

አትላንታ፣ ገቢያቸውን ማን ያሳይሃል እዚህ? ደረሰኙን ለማየት ራሱ ሌላ ውል ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመቶ ይልቅ ዓመታዊ ጭማሪ ይሻላታል።

ሂሳቡን ልሥራልሽ። እነሱ ባሉሽ መንገድ፣ በየሦስት ዓመቱ 5 ከመቶ ተጨምሮ፣ በአሥር ዓመት ጠቅላላ የምታገኚው ወደ 4 ሚሊዮን 246 ሺህ ነው። በአሥረኛው ዓመት ኪራይሽ 463 ሺህ ገደማ ይሆናል። በየዓመቱ 10 ከመቶ ቢሆን ግን አሥረኛው ዓመት ላይ ወደ 943 ሺህ ይደርሳል፣ ድምሩም 6 ሚሊዮን 375 ሺህ ገደማ። ልዩነቱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነው። አሥር ዓመት ለመቀመጥ የፈለገ ሰው ይህን መክፈል አለበት፣ ካልፈለገ ደግሞ ሦስት ዓመት ይቀመጥ። አጭር ዘመን በዝቅተኛ ጭማሪ፣ ረጅም ዘመን በከፍተኛ። ሁለቱንም አድርገሽ አቅርቢለትና የቱን እንደሚመርጥ ፊቱን እይው።

ሶሌታ_ያፈሰሰበት፦

ሁላችሁም ስለ ብር ነው የምታወሩት። እኔ ስለ ውሃ ላውራ።

የእኛን ሶሌታ በስተው በቡሎን ነው የተከሉት። የመጀመሪያው ክረምት ምንም አልነበረም። በሁለተኛው ነሐሴ ላይ መኝታ ቤቴ ኮርኒስ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ታየ፣ መጀመሪያ የብርጭቆ አፍ የሚያክል፣ በሳምንቱ ትሪ የሚያክል። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ሌሊቱን በሙሉ በሳፋ። ድርጅቱ «የቤቱ እርጅና ነው» አለ። ስድስት ዓመት ይቀረን ነበር። ስለዚህ ከመተከሉ በፊት መሐንዲስ መጥቶ ሶሌታው ይሸከም አይሸከም ይይ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ካፈሰሰ በስንት ቀን እንደሚጠግኑ፣ ካልጠገኑ አንቺ ጠግነሽ ከኪራዩ ውጪ እንደምታስከፍሊ ይጻፍ። ሲነቅሉም ቀዳዳውን የሚደፍነው ማን እንደሆነ።

ሌላ ደግሞ የካቲትና መጋቢት ላይ ንፋሱ ሲነሳ ፍሌክሱ እንደ ሸራ ይመታል። እናትሽ ከሥሩ ነው የምትተኛው አይደል? መብራቱም አለ። እኛ ቤት ሌሊት መጋረጃ ዘግተን እንኳን ጋዜጣ ይነበብ ነበር።

ሰሚት_ልጅ፦

ወገን፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጥቻለሁ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ማክሰኞ ዕለት ሰውየው አንድ የሥራ አስኪያጅ የሚመስል ሰው ይዞ መጣ። እናቴ ቡና አላፈላችም፣ ይሄ የእሷ ድርድር ነው። እኔ ውክልናዬን ኮፒ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «በሕግ የሚፈቀድልኝ ሦስት ዓመት ነው፣ ከዚያ በላይ ብፈርምላችሁም አይጠቅማችሁም» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ወንድምዎ ልዩ ውክልና ሊልኩ አይችሉም?» አለ። «ይችላል፣ ግን በዓመት 10 ከመቶ ጭማሪ ካልሆነ አልልክም ብሏል» አልኩ። (ወንድሜ እንደዚህ ብሎ አያውቅም። የጋሼን ታሪክ ከሰማ በኋላ ግን «አንቺ እንዳልሽው» ብሎኛል፣ ስለዚህ ውሸት አይባልም።)

ከዚያ ሁለቱንም አማራጭ ብረት ለባሽ እንዳለው አቀረብኩላቸው። አሥር ዓመት ከፈለጋችሁ በየዓመቱ 10 ከመቶ፣ ሁላችን እንፈርማለን፣ እናንተም በ60 ቀን መውጣት የለም። ሦስት ዓመት ከሆነ ደግሞ የብረቱን ነገር እንዲህ እናደርገዋለን አልኩ። በሞባይል ካልኩሌተር ሲመቱ ቆዩ። ስልክ ደወሉ። ደረጃ ላይ ወጥተው ተነጋገሩ። ሲመለሱ ሦስት ዓመት አሉ!

የተስማማነው እንዲህ ነው። ሦስት ዓመት። የመጀመሪያው ዓመት 400፣ ሁለተኛው 430፣ ሦስተኛው 460 ሺህ፤ አሥር ከመቶ አልሞላም ግን አልከፋኝም። ቅድመ ክፍያ የአንድ ዓመት። ሁለታችንም በስድስት ወር ማስታወቂያ ማቋረጥ እንችላለን፣ እኔ ካቋረጥኩ የብረቱ ቀሪ ወጪ አለብኝ፣ ደረሰኙ በአባሪ ይያያዛል። መንግሥት ካስነሳ ቀሪው ኪራይ በስድስት ወር ውስጥ ይመለሳል፣ ብረቱን በ15 ቀን ያነሳሉ። ስክሪን አይሰቀልም። ሶሌታውን የሚያየው መሐንዲስ በእነሱ ወጪ ሆኖ እኛ የመረጥነው ነው። የእይታ ነገር ገጽ 4 ላይ ነበረች አትላንታ፣ ተሰርዛለች።

ያልተስማማነው መብራቱ ላይ ነው። እናቴ ማታ 4 ሰዓት ይጥፋ አለች። ሥራ አስኪያጁ ደንበኛው እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል አለ። እናቴ «ደንበኛው እዚህ ይመጣና ይተኛ» አለችው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ጥቁር ካባ ካለህ፦ «ከሦስት ዓመት በኋላ ለሁለት ዓመት ይታደሳል» ብለው ጽፈዋል፣ ይሄ ውክልናውን አያልፍም?

ጥቁር_ካባ፦

ያልፋል ብሎ የሚከራከር ሊመጣ ይችላል። «ይታደሳል» የምትለዋን አውጪያትና «ዘመኑ ሲያበቃ ውሉ ያበቃል፣ ወገኖች ከፈለጉ አዲስ ውል ሊዋዋሉ ይችላሉ» በሚል ይተካ። ሲያልቅ ደግሞ ዝም ብለሽ ኪራይ እንዳትቀበያቸው፣ እሱም እንደ መታደስ ሊቆጠርብሽ ይችላል። ከሦስት ወር በፊት ደብዳቤ ጻፊ፣ ፈርመው የተቀበሉበትን ኮፒ ያዢ። ስልክሽ ላይ ቀኑን ዛሬውኑ አስገቢው።

አትላንታ_ማደያ፦

ቀኑን አስገቢው። እባክሽ።

ሰሚት_ልጅ፦

ገብቷል። በእናቴም ስልክ፣ በወንድሜም ስልክ፣ ማቀዝቀዣው ላይም በወረቀት ተለጥፏል። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ውልና ማስረጃ ቀጠሮ አለን። መብራቱ 5 ሰዓት ላይ ጸድቋል፣ እናቴ ግን ማብሪያ ማጥፊያው ከደረጃው ሥር ይሁንልኝ ብላ አስጽፋለች።